ፕሮቲኑን ማፍረስ፦ አንድ ገዳይ የደም ካንሰር እንዴት ተሸነፈ?

ካንሰርን በመድኃኒት መዋጋት ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን ሴል መግደል ነው። የኬሞቴራፒ ሥራ ይኸው ነው። ከእሱ በኋላ የመጡት አነጣጣሪ መድኃኒቶች ደግሞ ካንሰሩ የሚተማመንበትን ፕሮቲን ይይዙና ሥራ ያስፈቱታል። አሁን አሁን የመድኃኒት ተመራማሪዎችን ቀልብ የሳበው ሌላ መንገድ ነው። ፕሮቲኑን ይዞ ከማቆም ይልቅ ከሴሉ ውስጥ ጠራርጎ ማስወጣት።

ይህ መንገድ አዲስ ነው ሲባል ይሰማል። ስሙ አዲስ ነው። ነገር ግን አንድ የሉኪሚያ፣ ማለትም የደም ካንሰር፣ ዓይነት በዚሁ መንገድ መዳን ከጀመረ ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። መድኃኒቱን የሰጡት ሐኪሞች ፕሮቲን እያፈረሱ መሆናቸውን አያውቁም ነበር። የሚያውቁት ሕመምተኞቻቸው ተነስተው መሄዳቸውን ነው። ምክንያቱ የተገለጠው በኋላ፣ ቀስ በቀስ ነው። ዛሬ በቤተ ሙከራ የሚሠሩት ፕሮቲን አፍራሽ መድኃኒቶች ምን ሊያሳኩ እንደሚችሉና የት ሊቸገሩ እንደሚችሉ ለማሰብ ከዚህ የተሻለ ጉዳይ አላውቅም። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንያዘው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሽታው

ስሙ አኪዩት ፕሮማይሎሲቲክ ሉኪሚያ ነው። ሐኪሞች በአጭሩ ኤፒኤል ይሉታል። በ1957 ኖርዌጂያዊው ሐኪም ሌፍ ሂለስታድ ስለ ሦስት ሕመምተኞች ጽፈው ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑን አሳዩ። ከአጣዳፊ ሉኪሚያዎች ሁሉ የከፋው ይህ እንደሚመስላቸውም ገለጹ። አልተሳሳቱም። ሕመምተኞቹ የሚሞቱት በሳምንታት ውስጥ ነበር።

የሚገድላቸው በዋናነት ደም መፍሰስ ነው። ድድ ይደማል። ነስር አልቆም ይላል። ሳይመቱ ቆዳቸው ይበልዛል። ከዚያ አንድ ቀን ጭንቅላት ውስጥ ይደማና ሁሉም ነገር ያበቃል። የታመሙት ሴሎች ደም የሚያረጋውን ሥርዓት ያለቦታው የሚያስነሱ ነገሮችን ይለቃሉ። ሰውነት የማርጊያ አቅሙን በከንቱ ይጨርስና እውነተኛ ቁስል ሲመጣ ባዶ እጁን ይቀራል። በላዩ ላይ የረጋውን ደም የሚያሟሟው ሥርዓትም ከመጠን በላይ ይሠራል።

የመቅኔ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሽታው ራሱን ያሳያል። ነጭ የደም ሴል ከመቅኔ ወጥቶ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በደረጃ ያድጋል። በኤፒኤል ሴሎቹ ፕሮማይሎሳይት የሚባለው ደረጃ ላይ ደርሰው ቀጥ ይላሉ። ውስጣቸው በጥቅጥቅ ፍሬዎች ይሞላል። ፍሬዎቹ ኒውክሊየሱን እስከመሸፈን ይደርሳሉ። አንዳንዱ ሴል ውስጥ ቀጫጭን፣ ቀያይ ዘንጎች በአንድ ላይ ተጠጋግተው ይታያሉ። ይህን ያየ ልምድ ያለው ሐኪም የጄኔቲክ ውጤት ሳይጠብቅ በሽታውን ይጠረጥራል። ይህ ጥርጣሬ ምን ያህል ሕይወት እንደሚያተርፍ በኋላ እመለስበታለሁ።

ምክንያቱን በተመለከተ የመጀመሪያው ፍንጭ የመጣው በ1977 ከቺካጎ ነው። ጃኔት ራውሊና ባልደረቦቻቸው በእነዚህ ሕመምተኞች ሴሎች ውስጥ 15ኛውና 17ኛው ክሮሞዞም፣ ማለትም ዘረ መል የተሸከሙ ሁለት ክሮች፣ ቁራጭ መለዋወጣቸውን አዩ። የት ላይ እንደተቆረጡና ምን ዘረ መል እንደተነካ ግን ገና አልታወቀም። ያ የታወቀው ከ13 ዓመታት በኋላ ነው። በመሐሉ መድኃኒቱ ቀድሞ ደረሰ።

ሻንጋይ

በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ ሐሳብ በደም ሐኪሞች ዘንድ ይንሸራሸር ነበር። የሉኪሚያ ሴል እድገቱ የቆመ ሴል ከሆነ፣ ለምን እንዲያድግ አንገፋውም? የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ተመራማሪዎች ሬቲኖይክ አሲድ የተባለው የቫይታሚን ኤ ዘር በብልቃጥ የሚያድጉ የሉኪሚያ ሴሎችን እንደሚያበስል አሳይተው ነበር።

በሻንጋይ የሩዪጂን ሆስፒታሉ ፕሮፌሰር ዋንግ ዠንዪ ይህን ሐሳብ ይከታተሉ ነበር። በምዕራቡ ዓለም ለብጉር የሚሰጠው የሬቲኖይክ አሲድ ዓይነት 13-ሲስ የሚባለው ነበር። ቻይና ውስጥ የሚመረተው ግን ሌላኛው፣ ኦል-ትራንስ የሚባለው ነው። ዋንግና ተማሪዎቻቸው እጃቸው ላይ ባለው ሠሩ። በኋላ እንደታየው ለዚህ በሽታ የሚሆነው ይኸው የእጃቸው ነበር። ሌላኛው በኤፒኤል ሕመምተኞች ላይ ያን ያህል አልሠራም። ሐኪሞች ይህን መድኃኒት አትራ ይሉታል። እኛም እንደዚያው እንበለው።

በ1985 የ5 ዓመት ልጅ ሻንጋይ በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ኤፒኤል ነው። ኬሞ ተሞክሮ አልያዘላትም። ትኩሳቱና ደሙ አዳክሟታል። የዋንግ ባለቤት የሕፃናት ሐኪም ነበሩና ስለ ልጅቷ ነገሯቸው። ዋንግ አትራ እንዲሰጣት ሐሳብ አቀረቡ። ይህን ማለት ቀላል አልነበረም። በሰው ላይ ለዚህ በሽታ ተሰጥቶ የማያውቅ መድኃኒት ነው። ልጅቷ ብትሞት በማን እንደሚላከክ ግልጽ ነው። የቤተሰቦቿ ፈቃድ ተገኘና የሚዋጥ መድኃኒት ተጀመረላት። በሳምንት ውስጥ መሻል ጀመረች። በወሩ ገደማ በሽታው ከመቅኔዋ ጠፋ። ልጅቷ አድጋ ለአቅመ ሔዋን በቃች።

በ1988 የሻንጋዩ ቡድን የ24 ሕመምተኞችን ውጤት አሳተመ። የሁሉም በሽታ ጠፍቶ ነበር። 23ቱ በአትራ ብቻ፣ አንዱ አነስተኛ ኬሞ ተጨምሮለት። ለዚህ በሽታ እንዲህ ያለ ቁጥር ታይቶ አይታወቅም። የሚያስገርመው ደግሞ መድኃኒቱ ሴሎቹን አለመግደሉ ነው። ሴሎቹ በሕመምተኛው ሰውነት ውስጥ ያድጋሉ፣ ወደ ተራ ነጭ የደም ሴልነት ይቀየራሉ፣ ከዚያ ዕድሜያቸውን ጨርሰው ይሞታሉ። በፓሪስ የሴን ሉዊ ሆስፒታሉ ሎራን ደጎስ ከዋንግ ጋር አብረው ይሠሩ ነበርና መድኃኒቱ ብዙም ሳይቆይ ፈረንሳይ ደረሰ። በ1995 አሜሪካም ፈቀደችው። ዋንግ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አላወጡበትም።

ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። አትራን ብቻ የወሰዱ ሕመምተኞች አብዛኞቹ በወራት ውስጥ አገረሸባቸው። ኬሞ ሲጨመርበት ውጤቱ በጣም ተሻሻለ። ሆኖም ጥያቄው ቀረ። ሴሎቹ ሁሉ በስለው ካለቁ በሽታው ከየት ተመለሰ? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ። የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሃርቢን

ሁለተኛው መድኃኒት የመጣው ከሌላኛው የቻይና ጫፍ፣ ከሰሜን ምሥራቋ ሃርቢን ነው። መንገዱም ሌላ ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሃርቢን ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በገጠር አንድ ባህላዊ መድኃኒት ካንሰር ይፈውሳል መባሉን ሰሙ። ዶክተር ዣንግ ቲንግዶንግና የመድኃኒት ባለሙያው ሃን ታይዩን ነገሩን ተከታተሉት። መድኃኒቱ ውስጥ አርሴኒክ፣ የሜርኩሪ ጨውና የእንቁራሪት መርዝ ነበረበት። ይህን ወደሚወጋ መድኃኒት ቀየሩት። ከዚያ ቅልቅሉን እየነጣጠሉ ሲሞክሩ የሚሠራው አርሴኒኩ መሆኑ ታወቀ። ሌሎቹ መርዝነታቸው ብቻ ቀረ። ከሉኪሚያዎች መካከልም በተለይ የሚሠራው ለኤፒኤል ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልበል። ባህላዊ መድኃኒትን በሁለት መንገድ ማበላሸት ይቻላል። አንደኛው ሳይመረምሩ መናቅ ነው። ሁለተኛው ሳይመረምሩ ማመን። የሃርቢን ሰዎች ሁለቱንም አላደረጉም። ሰሙ፣ ሄዱ፣ ነጣጠሉ፣ መዘኑ። እኛም አገር ይህን ዓይነት ሥራ የሚጠብቅ ስንት ነገር አለ።

አርሴኒክ በሕክምና ታሪክ እንግዳ አይደለም። እንግሊዛዊው ቶማስ ፋውለር በ1786 ስለ አርሴኒክ ውሁድ መድኃኒታቸው ጽፈው ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ለሌላ ዓይነት ሉኪሚያም ተሰጥቷል። በኋላ መርዝነቱ እየጎላ፣ ሌሎች ሕክምናዎችም እየመጡ ተተወ። እሾህን በእሾህ የሚለው ነገር አገር ቤት የተለመደ ቢሆንም፣ አርሴኒክን በደም ሥር ስጡ ማለት ግን ለማንም ሐኪም ቀላል አይደለም።

የሃርቢን ቡድን በ1992 በቻይንኛ 32 የኤፒኤል ሕመምተኞችን የያዘ ሪፖርት አወጣ። ዓለም የሰማው ግን ቆይቶ ነው። የሻንጋዩ ቡድን፣ ቸን ዡ እና ባልደረቦቻቸው፣ ከሃርቢን ጋር ሆነው በ1996 እና በ1997 በእንግሊዝኛ አሳተሙት። በአትራ ታክመው ካገረሸባቸው 15 ሕመምተኞች መካከል የ14ቱ በሽታ ጠፋ። ኒው ዮርክ የሚገኘው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ በ1998 ያገረሸባቸውን 12 ሕመምተኞች አክሞ የ11ዱ በሽታ መጥፋቱን ዘገበ። በመስከረም 2000 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን አርሴኒክ ትራይኦክሳይድን ፈቀደ።

እንግዲህ ሁለት መድኃኒት ተገኘ። አንዱ ከቫይታሚን ኤ፣ ሌላው ከመርዝ። በኬሚካል አይዛመዱም። በታሪክ አይገናኙም። ታዲያ ለምን ሁለቱም በዚህ አንድ በሽታ ላይ ብቻ እንዲህ ሠሩ?

ፕሮቲኑ

በ1990 እና በ1991 የፓሪስ፣ የለንደንና የአሜሪካ ቡድኖች የክሮሞዞሞቹን መገጣጠሚያ አነበቡት። 17ኛው ክሮሞዞም ላይ የተቆረጠው ዘረ መል አርኤአር-አልፋ የሚባለው ነው። ይህ የሬቲኖይክ አሲድ ተቀባይ ነው! ማለትም ዋንግ የሰጡት መድኃኒት ኢላማ ራሱ የበሽታው ምክንያት አካል ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሲሰጡ ይህን ማንም አያውቅም ነበር። ከ15ኛው ክሮሞዞም የመጣው ቁራጭ ደግሞ ከዚያ በፊት የማይታወቅ ዘረ መል ነበር። በበሽታው ስም ፒኤምኤል ተባለ።

ሁለቱ ሲገጣጠሙ አንድ ድቅል ፕሮቲን ይሠራሉ። ጉዳቱ ድርብ ነው። በአርኤአር-አልፋ ጎኑ፣ ሴሉን የሚያበስሉት ዘረ መሎች ላይ ይቀመጥና ይዘጋቸዋል። በፒኤምኤል ጎኑ ደግሞ ጤነኛውን ፒኤምኤል ያውካል። ጤነኛው ፒኤምኤል በኒውክሊየስ ውስጥ ጥቂት ክብ ክብ ነጠብጣቦች ይሠራል። በእነዚህ ነጠብጣቦች ላይ ሴሉ እርጅናውንና ሞቱን የሚወስኑ ሥራዎች ይካሄዳሉ። ፒ53 የተባለው የካንሰር ተከላካይ ፕሮቲንም ከእነሱ ጋር ይሠራል። ድቅሉ ሲመጣ ነጠብጣቦቹ ይበተናሉ። ፒኤምኤልን በሚያበራ ቀለም የተቀባ የኤፒኤል ሴል በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ጥቂት ጉልህ ነጥቦች መኖር በነበረባቸው ቦታ በመቶ የሚቆጠሩ ደቃቅ ብናኞች ይታያሉ።

አሁን ይህ ሴል ላይ አርሴኒክ ይጨመር። በሰዓታት ውስጥ ብናኞቹ ይሰበሰባሉ። ጉልህ ነጥቦቹ ተመልሰው ይሠራሉ። ቆይቶ ድቅሉ ፕሮቲን ይጠፋል። ይህን የመሰለ ነገር በዓይን ማየት በካንሰር መድኃኒት ጥናት ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ለምን ጠፋ? መልሱ ሴል ፕሮቲን የሚያስወግድበት የተለመደ ሥርዓት ውስጥ ነው። ሴል አንድን ፕሮቲን ማስወገድ ሲፈልግ ዩቢኪቲን የተባለ ትንሽ ፕሮቲን ይለጥፍበታል። አዲስ አበባ ውስጥ ሊፈርስ የተወሰነ ቤት ላይ በቀለም ምልክት እንደሚደረገው ማለት ነው። ምልክቱ ሲኖር ፕሮቲያሶም የተባለው አፍራሽ መጥቶ ይፈጨዋል። ይህን ሥርዓት ያገኙት አሮን ቺሃኖቨር፣ አቭራም ሄርሽኮና ኧርዊን ሮዝ በ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመውበታል።

አርሴኒክ የሚሠራው ይህን ምልክት በማስለጠፍ ነው። በፒኤምኤል ክፍል ላይ ያሉ ሲስቲን የተባሉ አሚኖ አሲዶችን በቀጥታ ይይዛል። ይህ በ2010 ታየ። የተያዙት ፕሮቲኖች እርስ በርስ ይያያዙና ይሰባሰባሉ። ከዚያ ሱሞ የተባለ ሌላ ትንሽ ፕሮቲን ይለጠፍባቸዋል። አርኤንኤፍ4 የተባለ ኢንዛይም የሱሞውን ሰንሰለት አይቶ ይመጣል። ዩቢኪቲኑን የሚለጥፈው እሱ ነው። ፕሮቲያሶሙ ይከተላል። ይህን የአርኤንኤፍ4 ድርሻ በ2008 በአንድ ጊዜ የዘገቡት ሁለት ቡድኖች ናቸው። አንዱ በፓሪስ የኡግ ደ ቴ እና የቫሌሪ ላለማን ብራይተንባክ፣ ሌላው በስኮትላንድ ደንዲ የሮናልድ ሄይ።

አትራስ? እሱ የሚይዘው ሌላኛውን ጎን፣ አርኤአር-አልፋን ነው። ሲይዘው የተዘጉት ዘረ መሎች ይከፈታሉ። ሴሉ ይበስላል። ጎን ለጎን ፕሮቲኑ በፕሮቲያሶም ይፈርሳል። እንግዲህ ሁለቱ የማይዛመዱ መድኃኒቶች የአንዱን ድቅል ፕሮቲን ሁለት ጫፍ ይዘው ወደ አንድ ቦታ ይጎትቱታል።

ማብሰል ወይስ ማፍረስ?

አሁን ወደ ቀረው ጥያቄ። ለረጅም ጊዜ ሁሉም ሰው አትራ የሚያድነው ሴሎቹን በማብሰል ነው ይል ነበር። ሕክምናው ራሱ በዚህ ስም ይታወቅ ነበር። ታዲያ የበሰለ ሴል ወደ ካንሰር አይመለስም። ለምን አገረሸ?

የፓሪሱ ቡድን ይህን ለመፍታት በአይጦች ላይ ሠራ። የተጠቀሙበት ዘዴ ብልህ ነው። ዘረ መሎቹን የሚከፍቱ፣ ፕሮቲኑን ግን የማያፈርሱ ሰው ሠራሽ ሬቲኖይዶችን ወሰዱ። ሴሎቹ በሰሉ። ማይክሮስኮፕ ስር ሁሉም ነገር ጥሩ መሰለ። በሽታው ግን አልዳነም። በሽታውን መልሰው የሚያስነሱት ሥር ሴሎች ቀርተው ነበር። ፕሮቲኑ ሲፈርስ ግን እነዚያም ሥር ሴሎች ጠፉ። በ2008 እና በ2013 የወጡት ሥራዎች ይህን አሳዩ። በ2014 ደግሞ ምክንያቱ ጠራ። ድቅሉ ሲወገድ ጤነኛው ፒኤምኤል ነጠብጣቦቹን መልሶ ይሠራል። ፒ53 ይነሳል። የሉኪሚያው ሥር ሴል ራሱን ማባዛቱን ያቆማል።

ለእኔ የዚህ ጉዳይ ትልቁ ነጥብ ይህ ነው። ማብሰሉ የሚታየው ነገር ነበር። ማፍረሱ የሚያድነው። ለሃያ ዓመታት ያህል ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ አንዱ የሌላውን ሥራ ስም ወስዶ ኖረ። አትራ ብቻውን በተለመደው መጠን ሲሰጥ ማብሰሉ ይበቃዋል፣ ማፍረሱ ግን ሙሉ አይደለም። ስለዚህ ያገረሻል። አርሴኒክ ማፍረሱን አጥብቆ ይሠራል። ሁለቱ ሲገናኙ ፕሮቲኑ መሸሸጊያ ያጣል።

ሌላም ማስረጃ አለ፣ እሱም ከሕመምተኞች የመጣ። አርሴኒክ መሥራት ባቆመባቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ አርሴኒክ የሚይዘው የፒኤምኤል ክፍል አካባቢ ለውጥ ተገኝቷል። በሽታው ያመለጠው መፍረስን በማምለጥ ነው።

ያለ ኬሞ

ይህ ሁሉ ትርጉም የሚኖረው አልጋ ላይ ላለው ሰው ሲሠራ ነው። በ2013 የጣሊያንና የጀርመን ሐኪሞች፣ በፍራንቼስኮ ሎ-ኮኮ መሪነት፣ ደፋር ሙከራ አሳተሙ። አደጋቸው ዝቅተኛና መካከለኛ የሆኑ ሕመምተኞችን ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ አትራና ኬሞ ወሰዱ። ይህ የዘመኑ ምርጥ ሕክምና ነበር። ግማሾቹ አትራና አርሴኒክ ብቻ። ኬሞ የለም።

ከ2 ዓመት በኋላ በኬሞው ወገን በሕይወት የነበሩት 91 በመቶ ነበሩ። በአርሴኒኩ ወገን 99 በመቶ። በሽታው ሳይመለስ ወይም ሌላ ክፉ ነገር ሳይገጥማቸው የቆዩት ደግሞ 86 በመቶ እና 97 በመቶ።

እነዚህን ቁጥሮች ደግሞ ያንብቧቸው። በ1957 በሳምንታት የሚገድል ነው የተባለ ሉኪሚያ ነው። ያለ ኬሞቴራፒ። ያለ መቅኔ ንቅለ ተከላ።

ሕክምናው የራሱ አደጋ የለውም ማለት አይደለም። አርሴኒክ የልብ ምትን የኤሌክትሪክ ሥርዓት ያዛባል። ስለዚህ ኢሲጂ የተባለው የልብ ምርመራ በየጊዜው ይነሳል፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ይለካል። ሁለቱም መድኃኒቶች ሴሎቹ በጅምላ ሲበስሉ ትኩሳት፣ የትንፋሽ እጥረትና የሰውነት ማበጥ ሊያመጡ ይችላሉ። ሐኪሙ ይህን ሲጠረጥር ዴክሳሜታሶን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ወዲያው ይጀምራል። ካልዘገየ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል።

የማያልፈው ሌላ ነው። በሙከራ ውስጥ የሚገቡት ሕመምተኞች ሙከራው እስኪጀመር በሕይወት የቆዩት ናቸው። ከዚያ በፊት በደም መፍሰስ የሚሞቱ አሉ። ለዚህ ነው የሕክምና መመሪያዎች በሽታው ከተጠረጠረ አትራን በዚያው ሰዓት ጀምሩ የሚሉት። የጄኔቲክ ውጤት አትጠብቁ፤ ፕላትሌትና ደም የሚያረጉ ነገሮችን ስጡ። ኤፒኤል ሆኖ ካልተገኘ አትራን ማቆም ይቻላል። ሆኖ ከተገኘ ግን የአንድ ሌሊት መዘግየት ሰው ያስከፍላል። ከላይ ያነሳሁት የማይክሮስኮፕ ጥርጣሬ ዋጋው እዚህ ነው። በብራዚል፣ በሜክሲኮ፣ በቺሊና በኡራጓይ ያሉ ሆስፒታሎች ተባብረው ይህን አሠራር ሲያጠናክሩ መጀመሪያ ላይ የሚሞተው ሰው ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀነሰ። አዲስ መድኃኒት አልፈለሰፉም። ያለውን በጊዜ ሰጡ፣ እርስ በርስ ተማከሩ። የዓለም ጤና ድርጅት አትራን በ2015፣ አርሴኒክን በ2019 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ይህ ለድሃ አገር ሆስፒታሎች መድኃኒቱን ለመጠየቅ ጥሩ መነሻ ነው።

ከአጋጣሚ ወደ ዕቅድ

አትራና አርሴኒክ ፕሮቲን የሚያፈርሱት በዕድል ነው። ዕድሉን ወደ ዘዴ ለመቀየር የመጀመሪያው እርምጃ በ2001 መጣ። ካትሊን ሳካሞቶ፣ ክሬግ ክሩስና ሬይመንድ ደሼይስ ሁለት ጫፍ ያለው ሞለኪውል ሠሩ። አንዱ ጫፍ የሚፈለገውን ፕሮቲን ይይዛል። ሌላው ዩቢኪቲን የሚለጥፈውን ኢንዛይም። ሁለቱን ያቀራርባል፣ ምልክቱ ይለጠፋል፣ ፕሮቲኑ ይፈርሳል። ሞለኪውሉ ግን አብሮ አይጠፋም። ወጥቶ ሌላ ይፈልጋል። እነዚህ ፕሮታክ ይባላሉ።

ሌላው ድጋፍ የመጣው ከታሊዶማይድ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ለነፍሰ ጡሮች ተሰጥቶ ብዙ ሕፃናት አካላቸው ጎድሎ እንዲወለዱ ያደረገው ያ መድኃኒት። በ2010 የጃፓን ተመራማሪዎች ሴሬብሎን የተባለውን ፕሮቲን እንደሚይዝ አገኙ። ሴሬብሎን ዩቢኪቲን ከሚለጥፉት ኢንዛይሞች የአንዱ ክፍል ነው። ዛሬ ከሚሞከሩት አፍራሽ መድኃኒቶች ብዙዎቹ አንዱ ጫፋቸው ሴሬብሎንን እንዲይዝ ሆኖ የተሠራ ነው።

ችግሮቹ ቀላል አይደሉም። ሞለኪውሎቹ ትልልቅ ስለሆኑ በአፍ ተውጠው ወደ ደም ለመግባት ይቸገራሉ። ሴሉም ሴሬብሎንን ቢያጎድል መድኃኒቱ እጁ ተቆርጦ ይቀራል። ከሁሉ በላይ ግን ኤፒኤል ዕድለኛ በሽታ ነበር። ሕልውናው በአንድ ፕሮቲን ላይ የተንጠለጠለ ነው። አብዛኞቹ ሉኪሚያዎች ብዙ ምሰሶ አላቸው። አንዱ ቢነሳ በሌላው ይቆማሉ። ስለዚህ የኤፒኤልን ቁጥር ለሌላው ቃል መግባት ሕመምተኛን ማታለል ነው።

ያም ሆኖ ከኤፒኤል የተማርነው ነገር በሌላ ሉኪሚያ ላይ ሲደገም ታይቷል። ክሮኒክ ሊምፎሳይቲክ ሉኪሚያ፣ በአጭሩ ሲኤልኤል፣ ቢቲኬ በተባለ ኢንዛይም ላይ ይተማመናል። ኢብሩቲኒብና ወንድሞቹ ይህን ኢንዛይም እየዘጉ የብዙ ሰው ዕድሜ አራዝመዋል። ከጊዜ በኋላ ግን ቢቲኬ ራሱን ይቀይርና መድኃኒቱ አይይዘውም። በ2024 የወጣ ጥናት ከዚህም የባሰ ነገር አሳየ። አንዳንዶቹ ለውጦች የቢቲኬን የኢንዛይም ሥራ ይገድሉታል። ሥራው የሞተ ኢንዛይም ነው። መዝጋት ትርጉም የለውም፣ የሚዘጋ ነገር የለም። በሽታው ግን ይቀጥላል። ምክንያቱም የሞተው ቢቲኬ አሁንም ቦታው ላይ ቆሞ ሌሎች ፕሮቲኖችን እየሰበሰበ መልእክቱን ያስተላልፋል።

ኤንኤክስ-2127 የተባለው አፍራሽ መድኃኒት ለሕመምተኞች ሲሰጥ ከቢቲኬው ከ80 በመቶ በላይ ከሴሎቻቸው ጠፋ። በጥናቱ የተሞከሩትን የተቀያየሩ ቢቲኬዎች፣ ሥራቸው የሞተውንም ጨምሮ፣ አፈረሳቸው። ቢጂቢ-16673 እና ኤንኤክስ-5948 የተባሉ ሌሎች ሁለት የቢቲኬ አፍራሾችም በሲኤልኤል ሕመምተኞች ላይ እየተሞከሩ ነው። ከእነዚህ ሙከራዎች ውስጥ እኔ አጥብቄ የምጠብቀው የደም ቁጥሩ ስንት ወር እንደተሻለ የሚናገረውን ሠንጠረዥ ብቻ አይደለም። ቢቲኬ ፈርሶ ከቆየ በኋላ መቅኔ ውስጥ የቀረው ሴል ስንት እንደሆነ የሚቆጥረውን ጭምር ነው። በፓሪስ አይጦች ላይ ማብሰልንና ማዳንን የለየው ይኸው ቆጠራ ነበር።